ያልተጠየቀ ዳኛ

ሌላ ሰው ተልባ ሲሸተው ምን እንደሚያስታውስ አላውቅም። እኔ የክሪኬት ዱላ ነው የሚታየኝ። ባለፈው ጥር እስራኤል አገር ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ ትርንጎ ቤት ሄጄ ሆዴን አመመኝ። አክስቴ ለሆድ ሕመም የምታውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። ጥሬ ተልባ ከፌስታል አውጥታ በኤሌክትሪክ መፍጫው ፈጨችው፤ ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው። እኔም ተቀምጬ በነበርኩበት ወንበር ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

የጎንደር ሰው ክሪኬትን ከየት አመጣው ብለው የሚስቁብኝ አሉ። ከየትም አላመጣነውም፤ ደረጃው ላይ አገኘነው። እዚያው ሽኩና አሌፍ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ፎቅ ሦስተኛው ላይ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ እናቴ፣ እኔና አያቴ። አያቴን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። እናቴ በማለዳ ተነሥታ በባቡር ለሃቪም ወደምትባል ከተማ ትሄዳለች፤ የሰው ቤት ታጸዳለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሥራ አልነበራቸውም። አገራቸው ሳሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የድንበር ጠብ፣ የባልና የሚስት ኩርፊያ፣ የጠፋ ከብት፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ቤርሼቫ ግን ማንም ምንም የሚጠይቃቸው አልነበረም። አውቶቡስ ላይ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው እንኳ እሳቸውን አልፎ ነበር የሚጠይቀው።

አክስቴ ትርንጎ ያኔ ጎንደር ነበረች። የአባባ የመጨረሻ ልጅ ናት። እኛ ወደ እስራኤል ስንመጣ እሷ ባል አግብታ ስለነበር የመግቢያ ፋይሏ ከእኛ ተለየ፤ «እናንተ ቅደሙ፣ እሷ ትከተላለች» ተባልን። ቀደምን። እሷ አልተከተለችም። አባባ ከዚያ ወዲያ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳይሞቱ የትርንጎን ዓይን ማየት። ይህን አይደብቁትም ነበር፤ ሲበሉም፣ ሲጸልዩም፣ እግራቸውን ሲታጠቡም ይናገሩታል።

ከእኛ ሥር ባለው ቤት ዶድ ረኡቬን ይኖር ነበር። ዶድ በዕብራይስጥ አጎት ማለት ነው፤ አጎቴ ስለሆነ ሳይሆን እዚያ ልጅ ትልቅ ሰውን የሚጠራው እንደዚያ ስለሆነ ነው። በዕብራይስጥ አንቱታ የለምና እስከ ዛሬ «እሱ» ነው የምለው፤ አባባ ይህን ሲሰሙ ይቆጡኝ ነበር። ራሳቸው ረኡቬን ማለት አይሆንላቸውም፤ እንደ ኦሪቱ «ሮቤል» ነበር የሚሉት። ቦምቤይ የተወለደ የሕንድ አይሁዳዊ ነው፤ ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ ሐሙስ ሐሙስ ደረጃው ላይ ይቀመጥና ጠፍጣፋ ዱላ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በዘይት ያሸዋል። እኔ የሰው እግር መስሎኝ ነበር። አንድ እግሩ እንጨት የሆነ ዘመድ አለው፣ ሐሙስ ሐሙስ እየፈታ ያሽለታል ብዬ አስብ ነበር፤ እንዳላሳዝነው ብዬ አልጠየቅሁትም።

አንድ ሐሙስ ከአባባ ጋር ስንወርድ አባባ ቆሙ። አፍንጫቸውን አነሱ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ዘይቱ ውስጥ ነክረው ቀመሱት።

«ኦይ! ለመብላት አይደለም!» አለ ዶድ ረኡቬን በዕብራይስጥ።

«ተልባ ነው» አሉ አባባ ወደ እኔ ዞረው። «ልጄ፣ ይህ ሰው እንጨት ተልባ ያጠጣል።»

ትውውቃቸው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሲመጣ አባባ ትራስ ይዘው ይወርዳሉ፣ እኔ መሐል ደረጃ ላይ ተቀምጬ ከአንዱ ወደ አንዱ አስተረጉማለሁ። ዱላው የክሪኬት መሆኑን፣ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እንደሚጠብቅ ያወቅሁት እንደዚያ ነው። ዓርብ ጠዋት ሰንበት ሳይገባ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው አቧራማ ሜዳ ይጫወታሉ፤ የቤርሼቫ ሕንዶች ከዲሞና ሕንዶች ጋር። ጨዋታው ሁልጊዜ በጠብ ነበር የሚያልቀው። ሁለት ዳኛ ያስፈልጋል፤ አንዱ ዶድ ረኡቬን ነው፣ ሁለተኛው ግን ከማን ወገን ይሁን? ከቤርሼቫ ሲሆን ዲሞናዎች ይጮኻሉ፣ ከዲሞና ሲሆን የእኛዎቹ።

«አባባ ይዳኝልን» አለኝ ዶድ ረኡቬን። «ዘመድ የሌለው ሰው ነው የምንፈልገው።»

እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። «ዘመድ የሌለው ሰው ስለሆኑ ይዳኙልን ይላል።»

አባባ ፊታቸው ጠቆረ። «ዘመድ የለህም አለኝ?» አሉ። ትራሳቸውን አንሥተው ወደ ላይ ወጡ። ዶድ ረኡቬን ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እኔን ያያል። ሁለት ደረጃ ከወጡ በኋላ ግን ቆመው አሰቡና ተመለሱ። «ልክ ነው» አሉ። «ዳኛ ሲሆኑ ዘመድ የለም። እሺ በይው።»

በመጀመሪያው ዓርብ ዶድ ረኡቬን ነጭ ካፖርት አለበሳቸው፤ የክሪኬት ዳኛ ነጭ ካፖርት ይለብሳል። ጎረቤት ያለች አንዲት እማማ ሲወርዱ አይታ «አባባ፣ ሐኪም ሆኑ?» አለቻቸው። እሳቸውም «ገና ነኝ» ብለው አለፉ።

ከጨዋታው በፊት ዶድ ረኡቬን ነገሩን ባጭሩ አስረዳኝ። ኳሱ ዱላውን ነክቶ መሬት ሳይደርስ ከተያዘ መቺው ወድቋል ይባላል፤ ከጨዋታው ይወጣል። ወርዋሪዎቹ ወድቋል ብለው ሲያምኑ ወደ ዳኛው ዞረው በእንግሊዝኛ «ሃው ዛት?» ብለው ይጮኻሉ። ምን ማለት ነው አልኩት። «ኤይኽ ዜ» አለኝ በዕብራይስጥ። ኤይኽ ዜ ደግሞ በእኛ እንዴት ነው ማለት ነው። ለአባባ ነገርኳቸው፤ «ሁሉም ወደ እርስዎ ዞረው እንዴት ነው ይላሉ።»

ብዙም ሳይቆይ ኳሱ መቺውን አልፎ ከኋላ ባለው ሰው እጅ ገባ። የቤርሼቫ ልጆች ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ ወርውረው ወደ አባባ እያዩ «ሃው ዛት!» ብለው ጮኹ። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንዴት ናችሁ?» አሉ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ኳሱን የወረወረው የዶድ ረኡቬን ልጅ ዳንኤል ነበር፤ እጁን እንዳነሣ ቀረ። «ምን አለ? ወድቋል ወይስ አልወደቀም?» አለኝ። ምን ልበለው? እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው ቃል ወድቋልም አልወደቀምም አይልም። ልጁ ለሞተበትም፣ ልጁ ለተዳረለትም አፉ ላይ ያው ነው። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። አባባ ደግሞ ተቆጥተው ነበር። «ሽማግሌን እንዴት ነዎት ይሉታል እንጂ፣ እንዴት ነው ብሎ መጮህ ከየት የመጣ ነው? ደግሞስ ቅድም ሰላም ብለውኝ የለም?»

ማታውን ደረጃው ላይ ዶድ ረኡቬን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቸው። ያ ጩኸት ሰላምታ አይደለም፤ ክስ ነው። የክሪኬት ዳኛ ሳይጠየቅ አይፈርድም። መቺው ሲወድቅ በዓይኑ ቢያይ፣ በጆሮው ቢሰማ፣ ካልጠየቁት ዝም ነው። ደግሞ መጠየቅም በጊዜው ነው፤ ሌላ ኳስ ሊወረወር ከተጀመረ ያለፈው አለፈ።

አባባ ከትራሳቸው ላይ ተነሡ። «ይህማ የእኛ ነው!» አሉ። አገራቸው ሳሉ ባለጉዳይ ሸማውን ታጥቆ ተነሥቶ «ተጠየቅ!» ካላለ ዳኛ ሣር እያኘከ ይቀመጣል አሉ። እኔ አባባን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም ነበር። ፊታቸው ያበራል ሲባል የምሰማው ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ጣት ማንሣቱ ብቻ ነው የከበዳቸው። ዳኛው ወድቋል ሲል አንድ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ ያሳያል፤ ቃል አይናገርም። አባባ ወደ ላይ የሚያመለክቱት እግዚአብሔርን ሲጠሩ ብቻ ነበር። «ሰውን ለማስወጣት እሱን መጥቀስ ምን ይሉታል?» ብለው ሁለት ዓርብ ሙሉ አገጫቸውን እየነቀነቁ ፈረዱ። በኋላ ለመዱት። እንዲያውም እንደሳቸው አድርጎ የሚያነሣ አልነበረም፤ ቀስ ብለው ያነሣሉ፣ መቺው እስኪያየው ድረስ ያቆዩታል፣ ቀስ ብለው ያወርዳሉ።

ሕጉን ግን በራሳቸው መንገድ ነበር የሚያስኬዱት። ጩኸት ሲበዛባቸው «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ብለው ዞር ይላሉ። ኳሱ ዱላውን ነክቷል አልነካም የሚል ክርክር ሲነሣ ከሳሽና ተከሳሽ አቁመው፣ «አንተ ማል። በእናትህ፣ ነክቶሃል?» ይላሉ። እኔ ከመስመሩ ውጭ ቆሜ እየጮህኩ እተረጉማለሁ። ዶድ ረኡቬን ሕጉ ውስጥ መሐላ የለም እያለ ራሱን ይይዛል። አንድ ጺማም የዲሞና መቺ ግን «በእናትህ» ሲሉት ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ እሳቸው ጣታቸውን ሳያነሡ ወጣ። ሌላው፣ ጎረምሳው፣ ወድቀሃል ሲባል ዱላውን መሬት ላይ ወረወረ። አባባ ሄደው አነሱለት፤ ተልባ የጠጣ እንጨት አይወረወርም ብለው። ከዚያ ለእሱ የማይገባውን ተረት ነገሩት፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።» ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ በቅሎ ጠፍቷቸዋል አልኩት።

እኔም በበኩሌ ትምህርት ቤት ጉራዬን እነፋ ጀመር። «ሳባ ሼሊ ሾፌት» እል ነበር፤ አያቴ ዳኛ ነው። በዕብራይስጥም በአማርኛም የፍርድ ቤቱና የሜዳው ዳኛ ስም አንድ ነው። መምህሬ ዓይኗን አፍጥጣ «በየትኛው ፍርድ ቤት?» አለችኝ። «ከጀርባችን ያለው» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ በእኔ ቤት ዳኛ ዳኛ ነው። ቤታችን ደግሞ ሁልጊዜ የሚባለው «የትርንጎ ነገር ዳኝነት አላገኘም» ነበር። ታዲያ አባባ ዳኛ ከሆኑ ምን እንጠብቃለን? አንድ ዓርብ ሦስቱን እንጨት ሲተክሉ ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ የአክስቴን ነገር ለምን አይፈርዱትም?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ያ የሌላ ሰው ጣት ነው ልጄ» አሉኝ።

የቤርሼቫ ክረምት እንደ አገር ቤቱ በሐምሌ አይደለም፤ በታኅሣሥና በጥር ነው። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ ግን መሐል ሜዳው ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ካራሰው ጨዋታ የለም። ዝናብ ካልመጣ ከበረሃው አቧራ ይነሣል። ያኔ ዶድ ረኡቬን ከታች ሆኖ «አባባ! ኒድሐ!» ብሎ ይጣራል። ተላልፏል ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ዓርብ። ለአባባ ከዕብራይስጥ ቃል ሁሉ ይህ ተመቻቸው። ወጥ ሲዘገይ ኒድሐ ነው፣ እኔ መታጠብ ስጠላ ኒድሐ ነው፣ አውቶቡስ ሲቀር ኒድሐ ነው።

ሜዳ በማይኖርበት ዓርብ ሰዎቹ ደረጃው ሥር ተሰብስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ያወሩ ነበር፤ ቴስት ስለሚሉት ትልቁ የአገሮች ክሪኬት። ሕንድና ፓኪስታን ለብዙ ዓመት አልተገናኙም፤ አሁን ሕንድ ድንበር ተሻግራ ትሄዳለች፣ አትሄድም። ቦምቤይ ያለ ዘመድ ይደውላል፤ ሊፈቀድ ነው ይላል። በማግሥቱ ይደውላል፤ ኒድሐ። እኔ ቴስት የማውቀው መኪና በዓመት አንዴ የምትመረመረውን ነው። ከሕንድና ከፓኪስታን የአንዳቸው መኪና ቴስት አላለፈችምና ድንበሩ ላይ ቆማለች ብዬ አምን ነበር። ይህን ያህል ትልልቅ ሰዎች ስለ አንዲት መኪና መጨነቃቸው ግን ይደንቀኝ ነበር።

«ለምንድን ነው የማይጫወቱት?» አሉ አባባ።

«ጦርነት ነበር። ድንበሩ ዝግ ነው» አለ ዶድ ረኡቬን። «የተወለድኩት እነሱ ሲለያዩ ነው። ሳልሞት አንድ ቴስት እዚያ ማዶ ሲጫወቱ ባይ አልጠላም።»

የአባባ እናት ከመረብ ማዶ ነበረች፤ አባባ ሲያዝኑ ትግርኛ ይቀላቅሉ ነበር። ያን ቀን፣ «ወንድማማች ሲጣላ ኳሱ ምን አጠፋ?» አሉ። ተረጎምኩለት። ዶድ ረኡቬን ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ ለቀቃቸው።

በየካቲት መጨረሻ ስለ አክስቴ ጉዳይ ምስራድ ወደምንለው የመንግሥት ቢሮ ተጠራን፤ ቢሮው ከዋናው የአውቶቡስ መናኸሪያ ከታሃና መርካዚት አጠገብ ነበር። እናቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች አባባና እኔ ሄድን። አባባ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጺማቸውን ቆርጠው፣ መስኮቱ ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሴትየዋ ኮምፒዩተሩን አየችና፣ «ሃባካሻ ኒድሐታ» አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ገባኝ! ገባኝ! አትንገሪኝ። ኒድሐ! ተላልፏል አለች።» በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምስራድ ውስጥ አስተርጓሚ ሳያስፈልጋቸው ሰሙ። ባካሻ ጥያቄ ነው፤ የትርንጎ ጥያቄ ተላልፏል። እኔም የሰማሁት እንደዚያ ነው። ሴትየዋ ሌላም ነገር በፍጥነት ነገረችን፤ ከኋላችን ሰልፉ ይገፋል፤ የምንፈልገውን ቃል አግኝተን ነበርና ቶዳ፣ እናመሰግናለን፣ ብለን ወጣን። አባባ ከገበያው አይብ የተሞላ ቡሬካስ ገዙልኝ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ የያዙኝ እጃቸው ትኩስ ነበር። ማታ በስልክ ካርድ ጎንደር ደውለው፣ «ተላልፏል፤ ጠብቂ ልጄ። እዚህ አገር የተላለፈ ነገር ይመጣል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሏት። እውነታቸውን ነበር። የተላለፈ ጨዋታ ሁሉ በሚቀጥለው ዓርብ መጥቶ ነበር።

ከፋሲካ በፊት ከዲሞና ጋር የመጨረሻው ጨዋታ ሆነ። ዳንኤል ወረወረ፤ ኳሱ የዲሞናውን መቺ ዱላ ጫፍ ልሶ ኋላ ያለው ሰው እጅ ገባ። ድምፁን እኔ እንኳ ከመስመር ውጭ ሰማሁት። ግን ነፋስ ነበርና የእኛዎቹ አልሰሙም፤ ማንም አልጮኸም። አባባን አየኋቸው፤ ቀኝ እጃቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ተንቀሳቀሰች። አላወጧትም። ዳንኤል ተመልሶ ሌላ ኳስ ወረወረ። ከዚያ በኋላ ነው መቺው ፈገግ ሲል አይቶ የገባው። «ያኛው! ያኛው ነክቶታል! ሃው ዛት!»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓቫር» አሉ። አልፏል።

ያ ሰው እስከ መጨረሻው መታና ዲሞና አሸነፈ። ዳንኤል አባባ ፊት መጥቶ ቆመ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ሰምተሃል! ሰምተህ ዝም አልክ!»

«ሎ ሻአልተም» አሉ አባባ። አልጠየቃችሁም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያለፈ ኳስ አይጠየቅም በይው» አሉ። ነገርኩት። ዳንኤል ምራቁን መሬት ላይ ተፍቶ ሄደ። ከቤርሼቫ ልጆች አንድም ሰላም ያለን አልነበረም። እኔ በአባባ በጣም ተናደድኩ። ጣት ማንሣት ምን ያስከፍላል?

በሚቀጥለው ሐሙስ ዶድ ረኡቬን እንደ ወትሮው ደረጃው ላይ ዱላውን ያሻል። «ሕግ ሕግ ነው። ዳኒ ይበርድለታል» አለ። ከዚያ ለወሬ ያህል፣ «ልጅህስ? ከጎንደር ምን ወሬ አለ?» አለ።

«ኒድሐታ» አሉ አባባ።

የዶድ ረኡቬን ጨርቅ ዱላው ላይ ቆመ። «ኒድሐታ? ወደ መቼ?»

አባባ እኔን አዩኝ። እኔ አባባን አየሁ። ወደ መቼ? ተብሎ አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ዶድ ረኡቬን ዱላውን ከጉልበቱ አወረደው። ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ እየቆመ፣ ሁለቴ ሁለቴ። ጨዋታ ኒድሐ ሲባል ተላለፈ ማለት ነው። ጥያቄ ኒድሐታ ሲባል ግን ሌላ ነው። ያው ቃል ነው። ግን ተጣለ ማለት ነው፤ ውድቅ ሆነ ማለት ነው። ለአባባ ስነግራቸው ወደ ደረጃው ግድግዳ እያየሁ ነበር።

«ይህ ቋንቋ ቅኔ ነው እንዴ?» አሉ አባባ። «ሰሙ ተላለፈ፣ ወርቁ ወደቀ። እኔ ሰሙን ይዤ ስዘፍን ከረምኩ።»

እሑድ ምስራድ ሲከፈት ዶድ ረኡቬን ራሱ አብሮን መጣ። መስኮቱ ላይ ያችው ሴት ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለእኔ ከረሜላ ሰጥታኛለች። ኢርኡር ማስገባት ይቻል ነበር አለች፤ ይግባኝ ማለት ነው። ጊዜ ተሰጥቶ ነበር፤ ያን ቀን ነግሬያችኋለሁ። ጊዜው አልፏል። ለምን በጊዜው አልጠየቃችሁም?

ተረጎምኩ። ዶድ ረኡቬን መስኮቱን እየደበደበ በዕብራይስጥም በሕንዱ ቋንቋው በማራቲም መጮህ ጀመረ። አባባ እጁን ያዙት። «ልክ ናት» አሉ።

«ምን ልክ ናት!»

«ልጅህን ምን ብዬ ነው የመለስኩት? ለእሱ ያለፈ ኳስ ለእኔ እንዴት ይመለሳል?»

ይህን መተርጎም አልፈለግሁም ነበር። ተረጎምኩት። ዶድ ረኡቬን ከዚያ ወዲያ አልጮኸም። ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ያን የበቅሎውን ተረት ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ያለ ፍርድ አልሄደባቸውምና ምን ይበሉ? ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ስለ ሁሉም ነገር አለቅስ ነበር። እኔ ግን ከረሜላዬን እየመጠጥኩ እጃቸው ለምን እንደቀዘቀዘ አስብ ነበር።

ማታ ለትርንጎ መደወል ነበረባቸው። እናቴ «እኔ ልንገራት» ብትላቸው እምቢ አሉ። ቆመው ደወሉ። አክስቴ በስልክ ስትናገር የጎንደርን ርቀት በጉልበቷ ልትሸፍነው ስለምትሞክር ድምፅዋ ክፍሉን ይሞላል።

«አባባ! እንዴት ነዎት? ነገሩስ? እንዴት ነው?»

አባባ አልመለሱም። ስልኩን በግራ ጆሯቸው እንደያዙ ቀኝ እጃቸው ተነሣች። አንድ ጣት። ቀስ ብላ ወጣች፣ ላይ ደረሰች፣ ቆመች። ሜዳ ላይ እንደሚያደርጉት፣ መቺው እስኪያያት ድረስ። በስልክ ጣት አይታይም። እኔ አየሁ፤ እናቴም አየች፤ እናቴ ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም።

«አባባ? ይሰሙኛል? አባባ?»

ጣታቸውን አወረዱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ስልኩን ለእናቴ ሰጧት። ቀሪውን የነገረቻት እናቴ ናት። አባባ በረንዳው ላይ ወጥተው ነጩን ካፖርት አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ለዶድ ረኡቬን መልሽለት አሉኝ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደ ልጅ በእጃቸው ጀርባ ነበር የሚጠርጉት።

ካፖርቱን አልመለስኩትም፤ ዶድ ረኡቬን አልቀበልም አለ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ያ ሁሉ ጊዜ የተላለፈው ነገር መጣ። ሕንድ ድንበሩን ተሻገረች። ዶድ ረኡቬን በሳሎኑ ቴሌቪዥን ፊት የበዓል ልብሱን ለብሶ ተቀመጠ፤ ሕንዱ ሁሉ እዚያ ነበር። አባባን ክንዳቸውን ጎትቶ አወረዳቸው። እኔም መኪናዋን ለማየት ሄድኩ። መኪና አልነበረም። ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይጫወታሉ፣ ይሄዳሉ፣ በነጋታው ይመለሳሉ። ዶድ ረኡቬን እንባው እየወረደ ኦቾሎኒ ይበላል።

በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ አባባ ድንገት ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ። «ይኼ ሰውዬ ወድቆ ወጥቶ የለም እንዴ? እኔ አይቻለሁ፤ ዳኛው ጣቱን አንሥቶበታል። ለምን ተመለሰ?»

ተረጎምኩ። «ቴስት ነዋ» አለ ዶድ ረኡቬን፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ። «የእኛ የዓርቡ ጨዋታ አጭር ነው፤ የወደቀ ወደቀ። በቴስት ግን ሰው ሁለቴ ይመታል። ሁለተኛ ዙር አለ።»

አባባ ተነሥተው ቆሙ። ቴሌቪዥኑን ሸፍነው ስለቆሙ ሰዉ ሁሉ ጮኸባቸው፤ አልሰሙም። «የእኔስ ልጅ?» አሉ። «ጠይቂው። የእሷ የትኛው ነው? የዓርቡ ነው ወይስ ቴስት?»

ዶድ ረኡቬን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ኦቾሎኒውን አስቀመጠ። ይግባኙ አልፏል፤ ግን አዲስ ጥያቄ፣ ባካሻ ሐዳሻ፣ ማን ይከለክላል? እሑድ በጠዋት ምስራድ ያደረሰን ዳንኤል ነው፤ በራሱ መኪና። መንገዱን ሙሉ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ነዳ። ስንወርድ ግን ለአባባ በሩን ከፈተላቸውና፣ በቀስታ፣ «አሁን ጠይቅ» አላቸው። አባባ መስኮቱ ፊት እጃቸውን አላጣመሩም። ሁለቱንም ወደ ላይ አንሥተው ነበር የጠየቁት። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ካፖርቱን መልሰው ለበሱ።

ሁለተኛው ዙር ከአንድ ልጅነት በላይ ወሰደ። አክስቴ መጣች፤ ለአባባ ግን አልደረሰችም። አባባ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ክረምት ዐረፉ፤ ቤርሼቫ መቃብራቸው ላይ ዶድ ረኡቬን በከዘራ ቆሞ ነበር።

ባለፈው ጥር ተልባውን ፈጭታ፣ በጥብጣ፣ ጽዋውን ስታቀብለኝ፣ አክስቴ ትርንጎ ከዚህ በፊት ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ። «ያን ጊዜ፣ ነገሬ የወደቀ ዕለት፣ ስልኩ ላይ አባባ ብዙ ዝም አሉ። መስመሩ ተቋርጦ ነው ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። አንቺ እዚያ ነበርሽ። ምን ያደርጉ ነበር?»

ጽዋውን አስቀመጥኩ። ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ አንድ ጣት፣ ቀስ አድርጌ፣ ላይ ድረስ፣ እንደሳቸው አቆየሁት። «ይህን ነበር ያደርጉ የነበረው» አልኳት። ትርጉሙን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

እሷ ግን ጣቴን ተከትላ ወደ ላይ ቀና ብላ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሱን ነው ያሳዩኝ» አለች። «እግዚአብሔርን። እሱ አለልሽ ማለታቸው ነው። ወይኔ አባባ፣ እኔ እንጃ ስንት ዘመን ስቀየማቸው ኖርኩ!» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ መፍጫውን ማራገፍ ጀመረች። ጣቴን አወረድኩ። ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ያልተጠየቀ ዳኛ ደግሞ አይፈርድም።